አንቀጽ የጻፈ ፈላስፋ

ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ከሁለት ቤት አይወጣም። በአንደኛው ቤት ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ሐተታውን የጻፈው የአክሱም ሰው ነው ወይስ ጣልያናዊው ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እየተባለ ይመሻል። በሁለተኛው ቤት ደግሞ ፍልስፍናችን በተረትና ምሳሌያችን ውስጥ ተቀብሯልና ቆፍረን እናውጣው ይባላል። ሁለቱም ቤቶች የሞቁ ናቸው፤ በሁለቱም ብዙ ቡና ተጠጥቷል። ከሁለቱ ቤቶች ውጭ፣ በአደባባይ፣ «ሕይወት ያለው ነገር የሰው ፈጠራ ሊባል ይችላልን?» እያሉ ዓለምን ሲሞግቱ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ወጥቶ ያዳመጣቸው የሥነ ጽሑፍ ሰው ግን እምብዛም ነው።

እኒህ ሰው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው አረፉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ከውጭ ሰነዶች ጋር እንዲስማሙ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።) ባረፉ ጊዜ ሳይንቲስት ተባሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ተባሉ፤ ብርቱ ተደራዳሪ ተባሉ። ሁሉም እውነት ነው። ፈላስፋ ሲባሉ ግን በበኩሌ አልሰማሁም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ተወልደ ብርሃን የሥነ ሕይወት ፈላስፋ ነበሩ። ፈላስፋነታቸው የተሰወረብን ሐሳብ ስላልነበራቸው አይደለም። ሐሳባቸውን የጻፉት በስምምነትና በሕግ አንቀጽ ስለሆነና እኛ ደግሞ አንቀጽን እንደ ሐሳብ ማንበብ ስላልለመድን ነው።

ለመሆኑ የሥነ ሕይወት ፈላስፋ ማን ነው? ዝርያ ማለት በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው ወይስ እኛ ለመመደብ ያህል ያወጣነው ስም? ሕያው ነገር ከማሽን በምን ይለያል? ጂን ስንል ስለ አንድ ቁስ ነው የምንናገረው ወይስ ስለ አንድ ሥራ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ነው። አርስቶትል ጠይቋቸዋል፤ ዳርዊን በ1859 ጥያቄዎቹን ከሥራቸው ነቅሎ እንደገና ተክሏቸዋል። ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው ግን ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው። ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ማይክል ሩስ በ1940 እንግሊዝ አገር ተወለዱ፣ በካናዳው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ለ35 ዓመት አስተማሩ፣ በ1986 የመስኩን ዋነኛ መጽሔት መሠረቱ፣ በ2024 አረፉ። ዝናቸው ከፍልስፍና ክፍል አልፎ የወጣው ግን በ1981 አሜሪካ ውስጥ በአርካንሳስ ፍርድ ቤት ለምስክርነት በቆሙ ጊዜ ነው። ጉዳዩ የፍጥረት ትምህርት ከዝግመተ ለውጥ እኩል በሳይንስ ክፍል ይሰጥ የሚለው የግዛቲቱ ሕግ ነበር። ሩስ «ሳይንስ ማለት ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በችሎት መልስ ሰጡ፤ ዳኛውም በ1982 መጀመሪያ ሕጉን ሲሽሩ ከዚያ መልስ ብዙውን ወሰዱ። ሌሎች ፈላስፎች መልሱ ላላ ያለ ነው ብለው ተቆጥተዋቸዋል። «ፍርድ ቤት ገብተሃልና ፈላስፋ አይደለህም» ያላቸው ግን የለም።

ተወልደ ብርሃንም የተወለዱት በ1940 ነው፣ በዓድዋ አካባቢ። እርሳቸውም የፍልስፍና ጥያቄ ይዘው ሕግ ወደሚወሰንበት አዳራሽ ገቡ። ልዩነቱ ሩስ የገቡት ከፍልስፍና ክፍል ተነሥተው ሲሆን፣ ተወልደ ብርሃን የገቡት ከደረቁ ዕፅዋት መካከል ተነሥተው መሆኑ ነው። (ሌላም ልዩነት አለ፤ ሩስ ዕድሜያቸውን ያስተማሩባት ካናዳ በ2005 ተወልደ ብርሃን ሞንትሪያል ላይ ለሚደረግ የደኅንነተ ሕይወት ስብሰባ ሊመጡ ሲሉ መጀመሪያ ቪዛ ከልክላቸው፣ ተቃውሞው ሲበረታ ሰጠቻቸው።)

ከዕፅዋት መካከል መነሣታቸውን እንደ ጎዶሎ የሚያይ ሰው ዕፅዋት ቤት ገብቶ አያውቅም። ተወልደ ብርሃን በ1963 ከአዲስ አበባ በሥነ ሕይወት ተመርቀው፣ በ1969 ከዌልስ ባንጎር ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከ1974 እስከ 1978 የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ከዚያም እስከ 1983 የብሔራዊው ዕፅዋት ቤት ኃላፊ ሆኑ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ የሚመዘግበው ትልቅ ሥራ የተጀመረው በዚያ ዘመን ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዙት መጻሕፍት ታትመው ያለቁት በ2009 ሲሆን፣ የእንግሊዝ ተወላጅ የነበሩት ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስም ከአርታኢዎቹ አንዷ ነበሩ።

ዕፅዋት ቤት ምን ይመስላል? በመደርደሪያ የተደረደረ ወረቀት ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ተለጥፏል፤ ከግርጌው ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ቀጠፈው ተጽፏል። በሥነ ዕፅዋት ሕግ የአንድ ዝርያ ስም የሚታሰረው በእንዲህ ያለ አንድ ናሙና ነው። ስሙ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ታስሮ ይቀመጣል፤ ዝርያው ግን በዱር ይራባል፣ ይለያያል፣ ይዳቀላል፣ ከወረቀቱ ሸሽቶ ይሄዳል። በስምና በሕይወት መካከል ያለውን ይህን ክፍተት በየቀኑ ያላየ ሰው «ዝርያ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። የቅርቡን ምሳሌ ልስጥ። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ቡናችንን «አረቢካ» ብሎ ሰየመው፤ እርሱ ያወቀው በዓረብ አገር በኩል የመጣውን ነበርና። ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ቡናውም የከፋን ጫካ አልለቀቀም።

ከ1983 እስከ 1991 የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን መሩ። ሹመታቸውን በዚህ እለፈውና ወደ ጥያቄው ልግባ።

በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ሳይንቲስት በላቦራቶሪ የለወጠውን ባክቴሪያ ፓተንት ሊያወጣበት ይችላል ሲል ወሰነ። አምስት ዳኞች ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ። በአንድ ድምፅ ብልጫ ሕያው ነገር የፈጠራ ውጤት ሆነ ማለት ነው። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ይህ ሐሳብ በአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱ አንቀጽ 27 ውስጥ ገባ። አንቀጹ አገሮች ዕፅዋትንና እንስሳትን ከፓተንት ውጭ ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ ረቂቅ ተሕዋስያንን ግን አይችሉም። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ እንደ ግጥም ስንኝ ቆም ብለህ አንብበው። ባክቴሪያ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ባቄላ ላይሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ሕያዋን ናቸው፤ ሁለቱም ይራባሉ። አንዱ በዐይን ይታያል፣ ሌላው አይታይም። አንቀጹ ልዩነቱን ይደነግጋል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም።

በ1999 የአፍሪካ አገሮች ቡድን ለድርጅቱ ባቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ ጠየቀ። ልዩነቱ መሠረት የለውም፤ ዕፅዋትም፣ እንስሳትም፣ ረቂቅ ተሕዋስያንም፣ ተፈጥሯዊ ሂደቶችም ፓተንት ሊወጣባቸው አይገባም አለ። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ስላልነበረች በቡድኑ ስም ያቀረበችው ኬንያ ናት። ሐሳቡ ግን ተወልደ ብርሃን በየመድረኩ ሲያብላሉትና ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ክርክራቸው ሁለት እግር አለው። አንደኛው፦ ፓተንት የሚሰጠው ለፈጠራ ነው፤ ያለን ነገር ማግኘት ደግሞ ፈጠራ አይደለም። ጂንን ከአንድ ሕያው ወደ ሌላው ያዛወረ ሰው ጂኑን አልሠራውም፤ ድንጋይ ከወንዝ አንሥቶ ግንብ የገነባ ሰው የግንቡ እንጂ የድንጋዩ ፈጣሪ እንዳልሆነ ሁሉ። ሁለተኛው እግር የበለጠ ይጠልቃል፦ ፓተንት የተበጀው ለማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ማሽን አይወልድም። ዘር ግን ዘር ይወልዳል። በዘር ላይ የተሰጠ ባለቤትነት በዚያው ዘር አይቆምም፤ ገና ባልተወለዱ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ላይ ይቀጥላል፤ ነፋስና ንብ በወሰዱት ቦታ ሁሉ ይከተላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል ካለ ካናዳን ይመልከት። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በዘረ መል ምህንድስና የተለወጠች አይጥ ፓተንት ሊወጣባት አይችልም አለ፤ አምስት ለአራት። ይኸው ፍርድ ቤት በ2004 በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ በተገኘ የጎመን ዘር ጉዳይ፣ ተክሉ ባይሆንም በተክሉ ውስጥ ያለው ጂንና ሴል የኩባንያው ነውና ገበሬው መብት ጥሷል አለ፤ አሁንም አምስት ለአራት። ተክሉ የማንም አይደለም፣ የተክሉ እያንዳንዱ ሴል ግን የኩባንያው ነው። ሙሉው ከክፍሎቹ በምን ይለያል የሚለው የጥንት የፍልስፍና ጥያቄ የአንድ ገበሬን ማሳ እንዴት እንደሚወስድ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

አሁን ጥያቄውን ወደ ጫካ እናምጣው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ በሺሺንዳ አካባቢ ካለው ጫካ አንዲት የቡና እግር እንውሰድ። ቀረሮ፣ ዋንዛና ብሳና ጥላ ሆነውላታል፤ ከሥሯ ኮረሪማ፣ ከበላይዋ ቀፎ አለ። አጠገቧ ያለችው ሌላዋ የቡና እግር በቅጠሏም፣ በፍሬዋም፣ በሽታ በመቋቋሟም ትለያለች። የዓለም የአረቢካ እርሻ አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዘሮች የተራባ ስለሆነ እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በ1964 እና 1965 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ስም መጥተው በከፋና በሌሎች የቡና ጫካዎች ዘር ሰበሰቡ። ከተሰበሰበው ከፊሉ በኮስታሪካ በኩል ብራዚል፣ ካምፒናስ ደረሰ። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከመጡ 3,000 ገደማ የቡና እግሮች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት እግሮች ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ስማቸውንም ለአንድ ብራዚላዊ የቡና ሊቅ መታሰቢያ ኤሲ1፣ ኤሲ2፣ ኤሲ3 አሏቸው።

በአገራችን ያን ጊዜ የተነሣው ቁጣ «ሰረቁን» የሚል ነበር። የቁጣውን መነሻ እረዳለሁ፤ ግን የተወልደ ብርሃንን ክርክር እስከ መጨረሻው የሚከተል ሰው ከዚህ ቁጣ አልፎ መሄድ አለበት። ተመራማሪዎቹ ምን ሠሩ? ፈለጉ፣ መረመሩ፣ አገኙ። ፍለጋ ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ፈጠራ ግን አይደለም። ታዲያ ማን ፈጠራቸው? እኛም አይደለንም። አረቢካ ራሱ ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች በዱር በአጋጣሚ ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ ያን ጊዜ ከፋ የሚባል አገር ቀርቶ የእኛ ዓይነት ሰውም አልነበረም። እንግዲያው «ሕይወት የማንም ፈጠራ አይደለም» የሚለው ቢላ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የካምፒናስን እጅ ሲቆርጥ የእኛን «የኛ ነው» ሳይነካ አያልፍም።

«እንግዲያ የማንም ካልሆነ ብራዚልን ምን ትጠይቃላችሁ?» የሚሉ አሉ። ብልህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከሺሺንዳ ጫካ ሩቅ አይደለም። በከፋ ኮቦ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ኮቦ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ጎሳ የተከፈለ የጫካ ድርሻ ነው፤ ባለ ኮቦው ቀፎ ይሰቅልበታል፣ ቡናና ቅመም ይለቅምበታል፣ ሌላው ሳያስፈቅድ አይገባበትም። ባለ ኮቦው ግን ቡና የተባለ ዝርያ ሁሉ የእኔ ነው አይልም፤ ኮረሪማን ፈጠርሁ አይልም። የያዘው የመጠቀም መብት፣ የመጠበቅ ግዴታና «ሳትጠይቀኝ አትግባ» የማለት ሥልጣን ነው። ፓተንት የያዘ ሰው ግን ጫካውን ሳያውቅ፣ ዛፍ ሳይጠብቅ፣ ዝርያው ባለበት ሁሉ ገደብ ያበጃል። በ1992 የወጣው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አገሮች በሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት አላቸው ሲል ተወልደ ብርሃን የተከራከሩለት በዚህ መንፈስ ነው ብዬ አነባለሁ፦ በር የመጠበቅ መብት እንጂ የፈጣሪነት ይገባኛል ባይነት አይደለም።

ከአንቀጾች ሁሉ እኔ የምወደውን እዚህ ላይ ላንሣ። ከ1961 ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፍ የዘር አዳቃዮች መብት ሥርዓት፣ አንድ የዘር ዓይነት ጥበቃ እንዲያገኝ ከሌላው የተለየ፣ እርስ በርሱ አንድ ዓይነትና የማይለዋወጥ መሆን አለበት ይላል። ይህ መስፈርት የዕፅዋት ቤቱን ወረቀት ይመስላል፦ አንድ ናሙና፣ አንድ መልክ፣ አንድ ስም። የአርሶ አደር ማሳና የከፋ ጫካ ግን እንዲህ አይደሉም። እዚያ ያለው ሕዝብ ነው፤ እርስ በርሱ የሚለያይ፣ ልዩነቱ ራሱ ጉልበቱ የሆነ ሕዝብ። ታላቁ የሥነ ሕይወት ሰው ኤርንስት ማየር ዳርዊን ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው ይላል፦ በአንድ ፍጹም ምሳሌ ማሰብን ትቶ በሚለያዩ ግለሰቦች ስብስብ ማሰብ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ2000 ያወጣውና ተወልደ ብርሃን በማርቀቁ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው የሞዴል ሕግ፣ ማኅበረሰብ የለየው የዘር ዓይነት እነዚያን ሦስት መስፈርቶች ሳያሟላ ጥበቃ ያገኛል ሲል ደነገገ። አንድ መስመር ነው። በዚያ መስመር ውስጥ ግን ዳርዊን ከፕላቶን ጋር ያደረገው ሙግት አለ፤ ሙግቱም በአፍሪካ ገበሬ በኩል ተረትቷል። ይህን በሦስት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው ቢኖር የፍልስፍና ክፍሎቻችን ሴሚናር ያዘጋጁለት ነበር።

ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ «ፀረ ሳይንስ» ይሏቸው ነበር። ስድቡ የተወለደው በካርታሄና ፕሮቶኮል ዙሪያ ነው። በ1999 ካርታሄና ላይ ድርድሩ ፈርሶ፣ በጃንዋሪ 2000 ሞንትሪያል ላይ ሲያልቅ ተወልደ ብርሃን የአብዛኛው ታዳጊ አገር ቡድን አፍ ነበሩ፤ ከወዲያ በኩል አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ ተሰልፈዋል። (የድርድሩ ሰብሳቢ፣ የኮሎምቢያው ሚኒስትር፣ የተናጋሪዎችን ተራ በአሻንጉሊት ድብ ያወጡ ነበር፤ የሕይወት ባለቤትነት እንዲህም ተወስኗል።) የተገኘው ትልቁ ነገር የጥንቃቄ መርሕ ነው፦ ስለ አንድ ልውጠ ሕያው ጉዳት ሙሉ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት አለመኖሩ፣ አንድ አገር አይግባብኝ ብሎ ከመወሰን አያግደውም። ይህ ስለ ዕውቀት የተነገረ ሐሳብ ነው። ሳናውቅ በቀረን ነገር ማን ይሸከም? ሻጩ ወይስ ማሳው የሚነካበት ገበሬ? ዕድሜውን ዕፅዋት ሲለይና ሲመዘግብ የኖረን ሰው «ፀረ ሳይንስ» ማለት አለማወቅን በሐቀኝነት መቁጠር የሳይንስ ግማሽ መሆኑን መርሳት ነው።

ይሁንና ከተወልደ ብርሃን ጋር የማልስማማባቸው ነገሮች አሉ። ዝም ብዬ ብወድሳቸው ፈላስፋ ናቸው ያልሁትን ራሴ አፈርሰዋለሁ፤ ፈላስፋ ይሞገታል እንጂ አይሳለምም።

መጀመሪያ፣ በእርሳቸው ዘመን የወጣው የ2009ኙ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ጥንቃቄን እስከ መቆለፍ ወሰደው። ምርምር ለማድረግ የሚጠየቀው ማረጋገጫ ምርምር ሳይደረግ የማይገኝ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በ2015 አዋጁ ተሻሽሎ በሩ ተከፈተ፤ በ2018 ልውጥ ጥጥ ለገበያ ተፈቀደ። ትንሽ የላላ በር ቢበጅ ኖሮ በሩ ሲከፈት ክርክር ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። የሆነው ግን ቁልፉ ሲሰበር የሚሟገት ሰው ሳይገኝ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛ፣ በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው ይላል። ባለቤትነት! ሕይወት የማንም አይደለም ሲሉ የኖሩት ሰው መሥሪያ ቤት እየመሩ በነበረበት ዘመን አገራቸው የጻፈችው ቃል ይህ ነው። ፈላስፋው ለባለ ሥልጣኑ የተሸነፈበት ስፍራ ይመስለኛል። «ጠባቂ» የሚል ቃል በአማርኛ አልጠፋም ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል። በተወልደ ብርሃን አንቀጾች ሁሉ «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል አንድ ልብና አንድ አፍ ያለው ሆኖ ይመጣል። በከፋ ግን ማንጆዎች አሉ። ከጫካው ጋር ማንም እንደ እነርሱ ሳይኖር፣ ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻ እንዳይዛመዱ ተደርገው የተገለሉ ናቸው። የጫካው ዕውቀት የማኅበረሰቡ ነው ብለን ስንፈርም የማንጆው ሰው እጁን ያሳርፋል ወይስ ስለ እርሱ ሌላው ይፈርማል? ስለ ዕፅዋት «አንድ ምሳሌ አይበቃም፣ የሚለያዩትን ቁጠሩ» ያሉት ሊቅ ስለ ሰዎች ስብስብ ይህንኑ ቢሉ ምንኛ በጠነከሩ ነበር።

እነዚህ ሙግቶች በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ሊቀርቡላቸው ይገባ ነበር። ይልቁን እኛ በእነዚያ ዓመታት ስለ ስም ስንጨቃጨቅ ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ስለ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የንግድ ምልክት ከአንድ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር የተደረገው ክርክር ሁላችንንም አነቃነቀን፤ ደግ ነገር ነው፣ ስምም ገንዘብ ነው። በዚያው በ2005 ግን አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዘር ለመጠቀም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ተዋዋለ፤ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ፤ በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱን የሆላንድ ፍርድ ቤት በ2018 ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም ብሎ በአገሩ ሲያፈርሰው የተካሰሱት ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። እንጀራችን ስለ ምንነቱ ሲከራከሩበት እኛ በችሎቱ አልነበርንም።

ዛሬ ደግሞ ጥያቄው ልብሱን ለውጦ መጥቷል። የአረቢካ ሙሉ የዘረ መል ንባብ በ2024 ታትሟል። ከእንግዲህ የከፋን ቡና ባሕርይ ለማጥናት የሚሻ ሰው ሺሺንዳ መምጣት፣ ባለ ኮቦውን ማስፈቀድ፣ ዘር በኪሱ መያዝ ላያስፈልገው ይችላል፤ ፊደሎቹን ከኮምፒውተር ያወርዳል። ወረቀት ላይ ከተለጠፈው ቅርንጫፍ ወደ ፊደል ብቻ ደርሰናል። ፊደሉ የቡናው ነው ወይስ የአንባቢው? አንድን ሕያው ነገር ያነበበ ሰው ወሰደው ይባላል? የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ያልጠየቁትን ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቀዋል?

በ2024 ካሊ ላይ የተሰበሰቡት የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አገሮች ከዚህ የፊደል ንባብ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ አቋቁመዋል። መጠኑም በምሳሌነት ተጠቅሷል፤ ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ። የውሳኔው ጉልበት ግን በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሏል። በእኛ የሕግ አማርኛ «ይከፍላሉ» ሲባል ግዴታ ነው፤ «ሊከፍሉ ይገባል» ሲባል ምክር ነው። ካሊ ላይ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ሞንትሪያል ላይ እንዲህ ባለች አንዲት ግሥ ሌሊቱን ሙሉ ሲሟገቱ ያደሩት ሽማግሌ ካረፉ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ሆኗቸው ነበር።